አንገቱ ላይ የሚበጠስ ቻርጀር

መካነ ሰላም ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ ቻርጀሩ በመጽሐፍ ተደግፎ፣ ገመዱ ወደ አንድ ጎን ታጥፎ ካልተቀመጠ ባትሪው አይሞላም። በከተማዋ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል። ላፕቶፕ ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል፤ ገመዱ ግን ያው ነው።

ባለቤቱ «አያያዝ አታውቅም» ይባላል። እኔ ግን ጥፋቱን አብዛኛውን በአሠራሩ ላይ እጥላለሁ። ከቻርጀሩ ሳጥን ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄደው ገመድ ውስጥ ፀጉር የሚያካክሉ የመዳብ ክሮች አሉ። ገመዱ ዘወትር የሚታጠፈው እዚያው አንገቱ ላይ፣ ከመሰኪያው ወይም ከሳጥኑ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ፣ ስለሆነ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ ኮረንቱን የተረፉት ብቻ ሲሸከሙት ይግላሉ፣ ልባሱም ይቀልጣል። በብዙ የዴልና የኤችፒ ቻርጀሮች ላይ ሦስተኛ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሥራው ቻርጀሩን ለኮምፒውተሩ ማስተዋወቅ ነው። እሷ ከተቆረጠች ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ይሄኔ ሰው ባትሪው የሞተ መስሎት አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ገንዘቡ በከንቱ ይሄዳል።

ሳጥኑን የሚገድለው ሌላ ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፏል፤ ስለዚህ መብራቱ ሲደክም፣ አምፖሉ ሲቀላ፣ ቻርጀሩ ብዙም አይጎዳም። አደገኛው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። ከዚያም የከፋ አለ፦ በነፋስ ወይም በወደቀ ዛፍ የኒውትራል መስመሩ ከተበጠሰ፣ 220 ቮልት ይጠብቅ የነበረ ቤት እስከ 380 ሊደርስበት ይችላል። መስመሩ ረጅም፣ ክረምቱም መብረቃም በሆነበት በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና፣ በወግዲና በለጋምቦ ደጋ መብራት ሲጠፋ ስፒናውን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ መታገስ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይሻላል።

በገመድ ጉዳይ ትልልቆቹ አምራቾችም ተፈትነዋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ኤችፒ ኤልኤስ-15 የተባለውን ገመድ በአሜሪካና በካናዳ ብቻ 6 ሚሊዮን ያህል መልሶ ሰበሰበ፤ ይግልና ይቀልጥ ነበር። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ማይክሮሶፍትም የሰርፌስ ፕሮ ገመዶችን በሁለቱ አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ጠራ። ምክንያቱ ደጋግሞ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለልና ማጠፍ ነበር፤ ሁላችንም ቦርሳ ውስጥ ስንከት የምናደርገው።

እንዲህ ያለው ጥሪ ዕቃውን በሁለተኛ እጅ ለገዛ ሰው እምብዛም አይደርስም። በእኛ አገር የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ለማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ለማስመለስ መብት ሰጥቷል፤ ደረሰኙ ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ቢመለስስ? የአንገት ስብራት በ15 ቀን የት ይታያል! አዲስ መግዛቱም ከብዷል፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላሩ በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ዘለለ፤ ከውጭ የሚመጣው ቻርጀርም አብሮ ተወደደ፣ ፎርጅዱም ገዢ አገኘ።

በዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። ከሶኬት ወደ ሳጥኑ የሚመጣው ገመድ ይነቀላል፣ ለብቻው ይሸጣል። ቶሎ የሚበላሸው፣ በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ገመድ ግን ከሳጥኑ ጋር ተጣብቆ ይሠራል፤ ለጥቂት ሣንቲሜትር ሽቦ ሲባል ጤነኛ ሳጥን ይጣላል። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአዳዲስ ላፕቶፖች የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያን ግዴታ አድርጓል። ገመዱ የሚነቀል ከሆነ ችግሩ በገመድ ዋጋ ይፈታል፤ አንዳንዱ አምራች ግን የዩኤስቢ-ሲውንም ገመድ ከሳጥኑ ጋር አጣብቆ ይሸጣል። ስለዚህ ገዢ ከዋት ቁጥሩ በፊት ገመዱ ይነቀል እንደሆነ ያገላብጥ። የቆየ ቻርጀር ያለው ደግሞ በናስትሮ ከመጠቅለል ይልቅ ጠጋኝ ዘንድ ይውሰደው፤ የተሰበረው አንገት ተቆርጦ፣ ገመዱ ትንሽ አጥሮ፣ እንደገና ይበየዳል። ሦስተኛዋን ቀጭን ሽቦ እንዳይረሳት ብቻ ይንገረው።