የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹህ ነውን?

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር አንዲት እናት የወንዝ ውሃ በነጠላ አጥልለው በጣሳ አቀረቡልን። ውሃው ጥርት ያለ ነው። እሳቸው ግን ቅር ብሏቸው፣ «ልጆቼ፣ ሁልጊዜ አጥልዬ ነው የማጠጣው። ታዲያ ይህ ተቅማጥ ልጄን ለምን አልለቅ አለው?» ሲሉ ጠየቁን። ተማሪዎች ነን ብንልም ቶሎ የምንመልሰው አጣን። ጥያቄው የብዙ እናቶች ጥያቄ ስለሆነ እስቲ አብረን እንመልከተው።

ማጣሪያ ምን ይሠራል? ወንፊትን እናስብ። ዱቄት ሲነፋ ያልላመው ከላይ ይቀራል፤ የላመው በቀዳዳው ያልፋል። የውሃ ማጣሪያም እንዲሁ ነው። ከቀዳዳው የሚበልጠውን ያስቀራል፤ የሚያንሰውን ያሳልፋል። ስለዚህ ማጣሪያ ከመምረጣችን በፊት «ከውሃው ማስወገድ የምንፈልገው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

በውሃ ውስጥ ሦስት ዓይነት ነገር ሊኖር ይችላል። አንደኛው በዓይን የሚታይ ነው፤ ጭቃ፣ ቅጠል፣ አልቅት። ሁለተኛው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ባክቴሪያ የሚባለው ጀርም በጣም ትንሽ በመሆኑ አንድ ሺህ ያህሉ ቢሰለፉ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ርዝመት ቢያክሉ ነው። ሦስተኛው ጨው በወጥ ውስጥ እንደሚሟሟ በውሃው የሟሟ ነገር ነው።

ነጠላ የመጀመሪያውን ያስቀራል። ሁለተኛውን ግን አብዛኛውን ያሳልፋል። ይህ ሲባል ጨርቅ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በባንግላዴሽ አገር ሴቶች አሮጌ የጥጥ ልብስ አራት ጊዜ አጥፈው ውሃ ሲያጣሩበት የኮሌራ በሽታ በግማሽ ያህል መቀነሱ በ1995 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ታውቋል። የኮሌራ ጀርም በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ላይ ስለሚጣበቅ ከእነሱ ጋር በጨርቁ ላይ ይቀራል። ነገር ግን ግማሹ ሲድን ግማሹ ታመመ ማለት ነው።

ከጨርቅ የተሻለው ደቃቅ አሸዋ ነው። ውሃው በአሸዋው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ ብዙው ጀርም ተይዞ ይቀራል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የሸክላ ማጣሪያም አለ። ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ስለሆነ ባክቴሪያን ያስቀራል። ሲደፈን በለስላሳ ብሩሽ በውሃ ብቻ ይታጠባል። ከተሰነጠቀ ግን ይጣል፤ ጀርሙ በስንጥቁ ያልፋልና።

ከባክቴሪያም የሚያንሱ፣ ቫይረስ የሚባሉ ጀርሞች አሉ። እነዚህ በሸክላውም ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ማጣራት ብቻ አይበቃም፤ ጀርሙን መግደል ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ ማፍላት ነው። በከፍታ ቦታ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላባታል። ስለዚህ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንቆይለት። ማገዶ ካጠረ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን እንጨምር። የደፈረሰ ውሃ መድኃኒቱን ስለሚያደክመው አስቀድመን እናጥልል። የነጠላ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛውስ? በኮምቦልቻ አካባቢ ጥናት ያደረጉ ሰዎች የፋብሪካ ፍሳሽ በሚቀላቀልባቸው ወንዞች ውስጥ ክሮሚየም የተባለ ብረት አግኝተዋል። ይህ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ነገር ነው። የሟሟ ብረት በነጠላም በአሸዋም ያልፋል። ብናፈላውም ውሃው ይተናል እንጂ ብረቱ አይተንም። ለዚህ ዓይነት ውሃ ትክክለኛው ምርጫ ማጣሪያ መፈለግ ሳይሆን ምንጩን መለወጥ ነው። ከፍሳሹ በታች ከመቅዳት ይልቅ የተጠበቀ ምንጭ፣ የእጅ ፓምፕ ወይም ቦኖ እንምረጥ። ፍሳሹ ሳይጣራ እንዳይለቀቅም በኅብረት ሆነን ለቀበሌ እናመልክት።

እንግዲህ ለእኚያ እናት የምንመልሰው ይህን ነው፦ እናታችን፣ ማጥለልዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አጥልለው ያፍሉ፤ ያፈሉትን በንጹህ እንስራ ከድነው ያስቀምጡ፤ እጅ የነካው ጣሳ አይንከሩበት።

ጥያቄዎች
1. ነጠላ ምን ያስቀራል? ምንስ ያሳልፋል?
2. በደሴ ውሃ ለስንት ደቂቃ ይፈላ? ለምን?
3. እናንተ የምትቀዱት ውሃ ከየት ይመጣል? ከበላዩስ ምን ይገባበታል?