ሥዕሉ አንድ፣ ንባቡ ብዙ

«በሩ ሲዘጋ ደወሉ ይጮኻል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያለ ችግር ያነበዋል። ነገር ግን ደወሉ የሚጮኸው መቼ ነው? በሩ በመዘጋት ላይ ሳለ ነውን? ወይስ ተዘግቶ ካበቃ በኋላ? አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ይላልን? ወይስ በሩ እስኪከፈት አያቋርጥም? «ሲ» የምትባለው አንዲት ፊደል ይህን ሁሉ ተሸክማለች። በሰው መካከል ከሆነ ሰሚው ይጠይቃል፣ ተናጋሪውም ያስረዳል። ደወሉን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ከሆነ ግን ጥያቄ የለም። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ከትርጉሞቹ አንዱን ይሰጠዋል፤ መምረጡንም ብዙ ጊዜ ራሱ ልብ አይለውም።

የአርትስ ተማሪ በኢንጂነሮች ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አይጠፋም። ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ነውና ለኛም ይገባናል።

አውሮፕላን ወይም ሊፍት የሚመራ ፕሮግራም ትክክለኛውን ነገር መሥራቱ ብቻ አይበቃም፤ በጊዜው መሥራት አለበት። ዴቪድ ሐሬል የተባለው እስራኤላዊ ሊቅ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) «ላቪ» የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ይሠሩ የነበሩትን ኢንጂነሮች ያማክር ነበር። ስለ ራዳሩ ቢጠየቁ ጠንቅቀው ይመልሳሉ። አብራሪው በዚህ ሁኔታ ሳለ ይህን ቁልፍ ቢጫን ምን ይሆናል ሲባሉ ግን መልሳቸው አንዳንድ ጊዜ ይለያይ ነበር። ወፍራሙ ሰነዳቸውም አላስታረቃቸውም። ሐሬል በዚህ ምክንያት «ስቴትቻርት» የተባለውን ሥዕል ፈጠረ፤ በ1987 አሳተመው። በዚያው ዓመት የላቪ ሥራ ተሰረዘ፤ ሥዕሉ ግን በዓለም ተሠራጨ። ሣጥኑ ሁኔታን ያሳያል፤ ቀስቱ ከሁኔታ ወደ ሁኔታ መሻገርን ያሳያል፤ ሣጥን በሣጥን ውስጥ ይገባል።

ሥዕሉ ያምራል። አሁን አንድ ሊፍት እንሣል። «በሥራ ላይ» በሚባል ትልቅ ሣጥን ውስጥ «መውጣት» እና «መውረድ» የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። ከ«መውጣት» ወደ «መውረድ» የሚሄደው ቀስት «ቁልፉ ሲጫን» ይላል። ከትልቁ ሣጥን ጠርዝ ተነሥቶ «ቆሟል» ወደሚባል ሣጥን የሚሄደውም ቀስት ያንኑ ይላል። እንግዲህ ሊፍቱ በመውጣት ላይ ሳለ ቁልፉ ተጫነ። ይቆማል ወይስ ይወርዳል?

ሐሬልና ባልደረቦቹ ባሠሩት «ስቴትሜት» በተባለው መሣሪያ ደንብ የውጪው ቀስት ይቀድማል፤ ሊፍቱ ይቆማል። በ1997 በደረጃነት በጸደቀው በዩ.ኤም.ኤል. ደንብ ደግሞ የውስጡ ይቀድማል፤ ሊፍቱ ይወርዳል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ የፊተኛው የበላይን ትእዛዝ ያከብራል፣ የኋለኛው ዝርዝሩ ጠቅላላውን ይሽራል ይላል። (የሕግ ተማሪዎች ይህን ክርክር ያውቁታል።) በወረቀቱ ላይ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተለወጠም!

ጊዜን በተመለከተ ነገሩ ይብሳል። አንድ ቀስት ሲሻገር ምልክት ቢያሰማ፣ ሌላው ሣጥን ምልክቱን የሚሰማው በዚያው እርምጃ ነው ወይስ በሚቀጥለው? ስቴትሜት በሚቀጥለው ይላል። አሚር ፕኑዌሊና ሻሌቭ በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ በዚያው እርምጃ የሚሰማበትን ትርጉም መርምረዋል። በዚያው እርምጃ ከሆነ ግን «ምልክቱ ካልተሰማ ምልክቱን አሰማ» የሚል ቀስት ምን ይደረግ? «አሁን የምናገረው ውሸት ነው» እንዳለው ሰው ቃል ነው። «ኤስተሬል» የተባለው የፈረንሳዮች ቋንቋ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ከነጭራሹ አይቀበልም። ሚካኤል ፎን ደር ቤክ በ1994 የስቴትቻርትን ዓይነቶች ሲያነጻጽር 20 ያህል አግኝቷል።

የሒሳብ ትርጉም የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ከየት ወደ የት፣ በየትኛው እርምጃ እንደሚያሻግር ሳያሻማ ይወስናልና። ከዚያ ወዲያ «ሊፍቱ በሩ ተከፍቶ ሳለ ከቶ አይንቀሳቀስም» የሚለውን በመሣሪያ መመርመር ይቻላል። ችግሩ ትርጉሙ የሚጻፍበት ሒሳብ ከባድ ስለ ሆነ ሥዕሉን የሚፈርመው ኢንጂነር ብዙ ጊዜ አያነበውም።

አሻሚነት ሁሉ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ባለቅኔው ሰሙንም ወርቁንም አስቦ ነው የሚያኖረው። በሊፍቱ ሥዕል ግን ሁለተኛውን ትርጉም ያሰበው ሰው የለም። እንዲያውም በእኔ አስተያየት ሥዕል ከዐረፍተ ነገር ይልቅ ያዘናጋል፤ ዐረፍተ ነገርን እንጠረጥራለን፣ ቀስትን ግን ዓይናችን ያምነዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ከመፈረሙ በፊት ከግርጌው ሁለት መስመር ቢጻፍ ምን ይጎዳል? የትኛው ቀስት እንደሚቀድም አንድ መስመር፣ ምልክቱ መቼ እንደሚሰማ አንድ መስመር።