ኩበቱ ለምድጃ ወይስ ለማሳ?

የካርቦን ዑደት በትምህርት ቤት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚሳሉ ቀስቶች ይጀመርና በቀስቶቹ ያልቃል። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። በጤፏ በታወቀችው ቢቸና ግን ለዚህ ትምህርት ከአውድማና ከማዕድ ቤት የተሻለ ቤተ ሙከራ አይገኝም።

ውድ አንባቢያን፣ «የጤፉ ገለባና ፍሬ ከምን ተሠራ?» ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ልጆች «ከአፈር» ይላሉ። አፈር ውኃና ማዕድናት መስጠቱ እውነት ነው። ሆኖም ከደረቅ ተክል ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ካርቦን ሲሆን፣ የመጣውም ከአየር ነው። ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስቦ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውኃ ጋር በማዋሐድ ስኳር ይሠራል። ይህ ጋዝ ከአየሩ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሱብሐነላህ! ያ ሁሉ ክምር ከዚህች ጥቂት የተገኘ ነው።

እንጀራውን በልተን ስንተነፍስ ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል። ገለባውን በሬው ይበላል፤ ከፊሉን ይተነፍሰዋል፣ ከፊሉ እበት ይሆናል። በሱረቱ ያሲን 80ኛ አንቀጽ አሏህ (ሱ.ወ.) ከአረንጓዴ ዛፍ ስለሚገኘው እሳት ያወሳል። ቁርኣን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ሁለቱንም ይጎዳሉ። ነገር ግን ያሲንን በመድረሳ በቃሉ የያዘ ልጅ፣ ምድጃው ውስጥ የሚነደው ቅጠል ያጠራቀመው የፀሐይ ኃይል መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ካርቦኑ በአንድ ጋገራ ይበናል፤ ናይትሮጅኑም አብሮት ይሄዳል። ፍግ ሆኖ ማሳ ቢገባ ግን ረቂቅ ተሕዋስያን ቀስ በቀስ ያብላሉታል፤ ከፊሉ ለዓመታት በአፈሩ ይቆያል፣ አፈሩም ለም ይሆናል። «ኡስታዝ፣ ታዲያ እማዬ በምን ትጋግር?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ልጁ ትክክል ነው! ማገዶ በሌለበት ቤት ኩበት አታንድዱ ማለት ቀልድ ነው።

«ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ ከእበቱ ጋዙን ለወጥና ለሻይ አውጥቶ ዝቃጩን ለማሳ ያስቀራል፤ ለእንጀራ ምጣድ ግን እሳቱ አይበቃም። ከብት ያነሰው ቤትም አይሞላለትም።

ልጆች ይህን በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ከሥራቸው የተበሱ ሁለት ጣሳዎች ወስደው በአንዱ ለብዙ ዓመታት ፍግ ያገኘ የጓሮ አፈር፣ በሌላው ፍግ ያላገኘ የማሳ አፈር እኩል ይሙሉ። በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ ስኒ ውኃ አፍስሰው ከሥር የሚወጣውን ይለኩ።