ቆሞ የሚሠራ ሞተርና ራሱን የሚያጠፋበት ዘዴ

ሞተር ማስነሣት ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ሁሉም ሰው ያምናል፤ ማጥፋት ግን ዕውቀት እንደሚያሻው የሚያስብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በትልልቅ የጭነት መኪናዎች ዘንድ የሞተር አጠፋፍ ነገር ሕግ የወጣለትና መሐንዲሶች ብዙ የደከሙበት ጉዳይ ሆኗል። አጎቴ በአሜሪካ አገር የከባድ ጭነት መኪና ሾፌር ስለ ሆኑ በስልክ ሲያጫውቱን ይህን ነገር ደጋግመው ያነሡታል። እኔም ከእሳቸው የሰማሁትን በክፍል ስለ ሙቀትና ስለ ሞተር ከተማርነው ጋር እያገናዘብሁ፥ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ ለማስረዳት አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። መኪና ቆሞ ሳለ ሞተሩ ሳይጠፋ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ሾፌሮች «በሚኒሞ ይሠራል» ይላሉ። በዚህ ጊዜ መኪናው አንዲት ስንዝር አይራመድም፤ ነዳጁ ግን ይቃጠላል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ይጨርሳል። በአሜሪካ ሕግ የጭነት ሾፌር 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ፥ እንደ ገና ከመንዳቱ በፊት 10 ሰዓት ማረፍ አለበት፤ ሩቅ መንገድ የሚሄዱትም አብዛኛውን ጊዜ የሚተኙት ከጋቢናው ኋላ በተሠራው አልጋ ላይ ነው። እንግዲህ ሞተሩ በዚህ ሁሉ ሰዓት ቢሠራ 30 ሊትር ናፍጣ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይኬድበት አለቀ ማለት ነው። በወር 20 ሌሊት እንዲህ ቢደረግ 600 ሊትር ይሆናል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ናፍጣ በደንብ የሚቃጠለው ሲሊንደሩ በሚገባ ሲሞቅ ነው። ሞተሩ ያለ ሥራ በሚኒሞ ብዙ ሲቆይ ግን የሲሊንደሩ ሙቀት ይቀንሳል፤ ነዳጁም ፈጽሞ ሳይቃጠል ይቀርና ከፊሉ ጥቀርሻ ይሆናል፥ ከፊሉም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ በዚህ ይቀጥናል፤ ጥቀርሻውም በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ ይደፍናል። ጭሱ ራሱ ለሰው ጠንቅ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ጋር መድቦታል።

ከዚህ የተነሣ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የሚሠሩ ከባድ የናፍጣ መኪናዎች ሞተራቸው ከ5 ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲጠፋ፥ ወይም በሚኒሞ ሲሠራ የሚያወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ በሰዓት ከ30 ግራም እንዳይበልጥ ታዘዘ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የሞተሩ ኮምፒዩተር መኪናው መቆሙን፥ ማርሹ ባዶ ላይ መሆኑንና የእጅ ፍሬኑ መያዙን ይመለከታል። ሦስቱ ከተሟሉ 300 ሴኮንድ ቆጥሮ ነዳጁን ይዘጋል። የእጅ ፍሬኑ ካልተያዘ ግን ሾፌሩ በመንገድ መዘጋት ቆሞ ይሆናልና 900 ሴኮንድ ይታገሣል። በሌሎች ዐይነት መኪናዎች ደግሞ የደቂቃውን ልክ ባለቤቱ በመካኒክ ያስወስናል። በብዙዎቹም ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ሾፌሩ በዚያች ጊዜ ፔዳል ረግጦ መዘጋቱን ሊያስቀር ይችላል።

ሞተሩ መጥፋት የሌለበት ጊዜም አለ። የማቀዝቀዣው ውሃ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቀዝቅዞ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ የፓምፕ ወይም የክሬን ሥራ ይዞ እንደ ሆነ፥ የጭስ ማጣሪያውም የያዘውን ጥቀርሻ እያቃጠለ ራሱን በማጽዳት ላይ ከሆነ የካሊፎርኒያው ደንብ ቆጣሪው እንዲታገድ ይፈቅዳል። ከዚህም ሌላ ቱርቦ የሚባለው አየር መጭመቂያ አለ። ይህ ዕቃ በሞተሩ የጋለ ጭስ ኀይል እጅግ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው የሞተሩ ዘይት ነው። ጭነት ይዞ ዳገት የወጣ ሞተር ወዲያው ቢጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፥ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረውም ዘይት አርሮ ይደርቃል። ስለዚህ ከከባድ ሥራ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ይገባል። እንግዲህ 5 ደቂቃ ለማቀዝቀዝ በቂ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ግን ብክነት ነው።

ነገር ግን ስለ ሞተሩ ስናስብ በአልጋው ላይ የተኛውን ሰው መርሳት የለብንም። አጎቴ ቀድሞ የሠሩበት ድርጅት ሞተሩ በ5 ደቂቃ እንዲጠፋ አስደርጎ ኖሮ፥ የመኝታ ማሞቂያ ግን አላስገባላቸውም ነበር። በክረምቱ በረዶ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ እየተኙ፥ ብርዱ ሲቀሰቅሳቸው እየተነሡ ሞተር ሲያስነሡ ያድሩ ነበር። በማግሥቱ እንቅልፍ ያጣው ሰው እስከ 36 ቶን የሚመዝን መኪና ይዞ መንገድ ይወጣል። የተቆጠበው ናፍጣ በሰው ሕይወት እንዳይከፈል ያሰጋል። አንዳንድ ሾፌሮችም ቆጣሪውን በተንኰል ለማታለል የሚሞክሩት ሰነፎች ሆነው ሳይሆን በርዷቸው ነው።

መድኀኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያነሰ ናፍጣ የሚበቃው ትንሽ የመኝታ ማሞቂያ አለ፤ ለሙቀት አገርም በባትሪ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይገኛል። አጎቴ አሁን በሚሠሩበት መኪና ማሞቂያው ስላለ ሞተሩ ጠፍቶ እሳቸው በሰላም ተኝተው ያድራሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ናፍጣችን ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ከጅቡቲ ጭነት ይዘው የሚነሡ ሾፌሮቻችን ከባሕር ዳርቻ ተነሥተው የአፋርን ሐሩር አልፈው 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። ስለዚህ ቱርቦን ማቀዝቀዝም ናፍጣን መቆጠብም ለእነርሱ የዕለት ጉዳይ ነው። ቆጣሪ የሌለው መኪና የሚነዳ ሾፌር የራሱ እጅ ቆጣሪው ሊሆን ይችላል፤ 5 ደቂቃ አቀዝቅዞ ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው። የመኪና ባለቤቶች ደግሞ ሞተሩ እንዲጠፋ ከማዘዛቸው በፊት ሾፌሩ በምን እንደሚያድር ይጠይቁ። የሞተሩን ዕረፍት የሚያዝዝ ደንብ የሰውየውንም ዕረፍት ካላሰበ፥ ግማሹ ሥራ ገና አልተሠራም።