ነጥብ ያለበትን ቍጥር ስለ ማካፈል

በ1860 ዓ.ም. ወደ አምባ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በየመንገዱ ለሚገዛው እህልና ከብት የሚከፍለውን ጠገራ ብር አስጭኖ መጥቶ ነበር። የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ይህ ጠገራ ክብደቱ 28.0668 ግራም ስለ ሆነ በገበያ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሚዛንም ሆኖ አገልግሎአል፤ ወቄት የሚባለው መመዘኛ የአንድ ጠገራ ክብደት ያኽል ነውና። ነገር ግን ጠገራው ሁለንተናው የጠራ ብር አይደለም። በውስጡ ያለው የጠራ ብር 23.3856 ግራም ሲሆን፥ የቀረው ከሞላ ጐደል መዳብ ነው። እንግዲህ ከጠገራው የብሩ ድርሻ ምን ያኽል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚወድ ሰው ነጥብ ያለበትን ቍጥር ነጥብ ላለበት ቍጥር ማካፈል አለበት።

ከዚህ ረዥም ቍጥር አስቀድሞ ቀላሉን ማየት ይሻላል። በመካነ ሰላም ደጋ አንዲት እናት 7.5 ኪሎ ገብስ ቢኖራት፥ ገብሱንም 0.25 ኪሎ በሚይዝ ጣሳ ብትሰፍረው ስንት ጣሳ ይወጣዋል? ተማሪ ብዙ ጊዜ ማካፈል ሁሉ ማሳነስ ስለሚመስለው ከ7.5 ያነሰ መልስ ይጠብቃል። ማካፈል ግን አካፋዩ በተካፋዩ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ መጠየቅ ነው። ጣሳው ከኪሎ ካነሰ፥ የጣሳው ቍጥር ከኪሎው ቍጥር መብለጡ ግድ ነው። በአንድ ኪሎ 4 ጣሳ ካለ በ7.5 ኪሎ 30 ጣሳ ይኖራል።

ይኸው ገብስ በግራም ቢቈጠር 7500፥ ጣሳውም 250 ይሆናል፤ መልሱ ግን ያው 30 ነው፤ ቍጥሩ ተለወጠ እንጂ ገብሱም ጣሳውም አልተለወጡምና። ነጥብን ወደ ቀኝ የማሻገር ምክንያቱ ይህ ነው። አካፋዩ ሙሉ ቍጥር እስኪሆን ድረስ ነጥቡ ይሻገራል፤ በተካፋዩም ላይ ያንኑ ያኽል ይሻገራል፤ አኃዝ ቢጐድል ዜሮ ይጨመራል። ስለዚህ 7.5 ÷ 0.25 ማለት 750 ÷ 25 ማለት ነው።

የአንዱን ነጥብ አሻግሮ የሌላውን መርሳት ቤት የሚያጐድል ስሕተት ነው። 3.2 ኪሎ የበግ ጠጕር በ48 ብር ቢሸጥ የአንዱ ኪሎ ዋጋ 480 ÷ 32፥ ማለት 15 ብር ነው። ልጁ በ3.2 ላይ ያለውን ነጥብ ብቻ አሻግሮ 48ን ለ32 ቢያካፍል ግን 1.5 ብር ያገኛል። አባቱ በዚህ ሒሳብ 20 ኪሎ ቢሸጥ፥ 300 ብር መቀበል ሲገባው 30 ብር ተቀብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመያዝ ሒሳቡን ከመጀመር በፊት መገመት ይበቃል፤ 48 ለ3 ቢካፈል 16 ስለሚሆን፥ መልሱ ለ16 የቀረበ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ጠገራው መመለስ ይቻላል። ነጥቡ በሁለቱም ላይ አራት ቤት ሲሻገር ሒሳቡ 233856 ÷ 280668 ይሆናል። አካፋዩ ከተካፋዩ ስለሚበልጥ በድርሻው መጀመሪያ ዜሮና ነጥብ ይጻፋል። ቀጥሎ ለተካፋዩ አንድ ዜሮ ሲጨመርለት 8 ጊዜ ይደርሳል፤ ለቀሪው ዜሮ እየጨመሩ ሲቀጥሉ 3፥ ደግሞም 3 ይመጣል። ስለዚህ ድርሻው 0.833 ያኽል ነው፤ ይኸውም ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ ነው። ስድስት ጠገራ አቅልጦ መዳቡን የለየ አንጥረኛ በእጁ የሚቀረው የአምስት ጠገራ ክብደት ያኽል ብር ነው።