ጀበናው ሸክላ፣ መቁያው ብረት

በጅማ አካባቢ ባለችው ሊሙ ገነት ውስጥ ቡና ሲፈላ የሚቀራረቡትን ዕቃዎች ልብ ብሎ ያየ ሰው ስንት ዓይነት ቁስ በአንድ ቦታ እንደተሰበሰበ ይገረማል። ረከቦቱ እንጨት፣ ሲኒው ፖርሴሌን፣ ጀበናው ሸክላ፣ መቁያው ብረት፣ ሙቀጫው እንጨት፣ ዘነዘናው ብረት፣ ጀበናው የሚያርፍበት ማቶት ደግሞ ሣር ነው። ይህን ሁሉ አንድ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ አልነደፈውም። ሆኖም እያንዳንዱ ዕቃ ዛሬ በምህንድስና ትምህርት ቤቶች የቁስ መረጣ ተብሎ የሚሰጠውን ትምህርት በሚገባ ያሳያል። ስለዚህ ጉዳይ አሁን መጻፍ የፈለግሁት ከእነዚህ ቁሶች አንዳንዶቹ በሌላ እየተተኩ ስለሆነ ነው። አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ገበያውን ሞልተውታል። መተካቱን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ የቀድሞው ቁስ ምን ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ሳይጠየቅ ሲተካ ነው።

ከጀበናው እንነሣ፤ ከሁሉም ከባዱ ሥራ የእሱ ነውና። ጅማና አካባቢዋ በሚገኙበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ የጀበናው ውስጠኛ ገጽ ውሃ እስካለው ድረስ ከዚያ ብዙም አይዘልም። ከውጭ ግን የከሰሉ ፍም በብዙ መቶ ዲግሪ ይገርፈዋል። ውጩ ይበልጥ ስለሚሞቅ መስፋት ይፈልጋል፤ ውስጡ ቀዝቀዝ ስላለ ይይዘዋል፤ በዚህ ጉተታ የውስጠኛው ገጽ ይወጠራል። ሸክላ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲወጥሩት ደካማ ነው። ታዲያ ለምን በየቀኑ አይሰነጠቅም?

መልሱ ያለው ሸክላ ሠሪዋ ጭቃው ውስጥ በምትጨምረው ነገር ላይ ነው። ንጹሕ ጭቃ ብቻውን ለጀበና አይሆንም። ሲደርቅ አብዝቶ ይሸበሸባል፤ እሳት ሲነካውም ይፈነዳል። ስለዚህ አሸዋ ወይም የተሰበረ ገል ተወቅጦ ይቀላቀልበታል። እነዚህ ሻካራ ቅንጣቶች ሁለት ሥራ አላቸው። ጭቃው ሲደርቅ ለውሃው መውጫ መንገድ ይሆናሉ፤ ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ ስንጥቅ ሲጀምር ያስቆሙታል። ወደ ፊት የሚሮጥ ጥቃቅን ስንጥቅ ከገል ቅንጣት ወይም ከቀዳዳ ጋር ሲጋጭ ጉልበቱ ይበተናል። የተወቀጠ ገል በተለይ ብልህ ምርጫ ነው፤ ራሱም የተተኮሰ ጭቃ ስለሆነ ከዙሪያው ጋር እኩል ይሰፋል፣ እኩል ይሸበሸባል። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 573 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ውስጣዊ አቀማመጡን ለውጦ ድንገት ይሰፋል። አሸዋ የበዛበት ሸክላ ሲተኮስም ሲቀዘቅዝም ጥንቃቄ የሚሻው ስለዚህ ነው።

ስንጥቅን ለመከላከል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንዳይጀምር ማድረግ ነው፤ ድፍን፣ ለስላሳና ጠንካራ ገጽ መሥራት። ሁለተኛው ቢጀምርም እንዳይሮጥ ማድረግ ነው፤ በጥቃቅን ቀዳዳና በሻካራ ቅንጣት የተሞላ አካል መሥራት። ሲኒ የመጀመሪያውን ይከተላል፣ ጀበና ሁለተኛውን። ፖርሴሌን ከ1200 እስከ 1400 ዲግሪ ተተኩሶ ከፊሉ እንደ መስታወት ይቀልጣል፤ ቀዳዳ የለውም፣ ስስ ሆኖም ይጠነክራል። ፍም ላይ ብታስቀምጡት ግን አንዴ የጀመረ ስንጥቅ የሚያቆመው ነገር የለም። ባህላዊው ጀበና በሜዳ እሳት፣ ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተተኩሶ ድፍን ሳይሆን ይቀራል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ጀበናን ለእሳት ያበቃው ይኸው «ጉድለቱ» ነው እላለሁ።

ቀዳዳው ዋጋ ያስከፍላል፤ አዲስ ጀበና ውሃ ይመጥጣል፣ ያልባል። ማሟሸት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሸክላው ከእሳት ሲወጣ በቅጠል ወይም በጭድ ጭስ ሲታጠን ጥላሸቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ቤት ከደረሰም በኋላ የቡና አተላ ደጋግሞ ሲፈላበት ቅባቱና ጥቃቅን ዝቃጩ የቀረውን ይደፍነዋል። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ዘይቱ በሙቀት ብዛት ተያይዞ ቀጭን ጠንካራ ልባስ ይሠራል። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ሲሠሩ የቁሱን ድክመት ያውቁ ነበር፤ ቁሱን ሳይጥሉ ድክመቱን ብቻ ለይተው አከሙት።

የአሉሚኒየም ጀበና ሲመጣ ምን ተለወጠ? አሉሚኒየም ሙቀት የሚያስተላልፈው ከሸክላ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ቶሎ ይፈላል፣ ከሰል ይቆጥባል፣ ቢወድቅ አይሰበርም። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ በተለይ ከሰል በተወደደበት ቤት ማንም ሊያቃልላቸው አይችልም። በአንጻሩ ከእሳት ሲወርድ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ገንፍሎ ለማፍሰስም ፈጣን ነው። ሸክላው ወፍራምና ሙቀት የሚይዝ በመሆኑ ከእሳት ከወረደ በኋላም መንተክተኩን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል፤ አተላው ቀስ ብሎ ይዘቅጣል፤ ሁለተኛውና በረካው እስኪደርስ ያለው መጠበቅም የሚመቸው ለእንዲህ ያለ ዕቃ ነው። የጀበናው እጀታ ከራሱ ከሸክላው ተሠርቶ በእጅ መያዝ የሚቻለው ሙቀቱ ወደ እጀታው በዝግታ ስለሚሄድ ነው። ከብረታ ብረት የተሠራ ጀበና ግን የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እጀታ ይሻል። ቡናው አሉሚኒየሙን ይበላዋል የሚለውን ስጋት በተመለከተ፣ ቡና ለስለስ ያለ አሲድ ነው። አሉሚኒየም ላይ በተፈጥሮ የሚፈጠረው ኦክሳይድ በእንዲህ ያለው አሲድ ውስጥ በአብዛኛው ሳይጎዳ ይቆያል። ዋናው ልዩነት ሙቀቱ ላይ ነው።

መቁያው ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። ቡና የሚቆላው በ200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው፤ ቆይው እሳቱን ሲቀንስ መቁያው ወዲያው መታዘዝ አለበት፤ ማማሰያው ደግሞ ያለማቋረጥ ይፍቀዋል። ስስ ብረት ይህን ሁሉ ይችላል። አሉሚኒየም በዚህ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። የሸክላ መቁያ የሚጠቀሙ ቤቶችም አሉ፤ ቀስ ብሎ እኩል የመቁላት ጥቅም አለው፤ ነገር ግን በጊዜ ካልወረደ በያዘው ሙቀት ቡናውን ያሳርረዋል።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማይክል አሽቢ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት የቁስ መረጣ መጽሐፍ ንድፍ አውጪ ቁስ ከመምረጡ በፊት ራሱን እንዲጠይቅ ያስተምራሉ፦ ዕቃው ሥራው ምንድን ነው? ፈጽሞ ሊጎድል የማይገባው ምንድን ነው? ምን እንዲቀንስ ወይም እንዲበዛ እንፈልጋለን? ከዚያ ቁሶች የሚነጻጸሩት በአንድ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በባሕርያት ጥምር ነው። የአሽቢን ስሌት ለጅማ በርጩማ ብንጠቀምበት ውጤቱ ደስ ይላል። ሰው ሲቀመጥበት እንዳይጎብጥ የሚፈለግ ግን ቀላል መሆን ያለበት ዕቃ የሚለካው በጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ላለመጉበጥ ያለው ኃይል ከክብደቱ ጋር ይመዘናል። ብረት ከእንጨት ሃያ እጥፍ ያህል ግትር ነው። ለሚጎብጥ አካል በሚሠራው ቀመር፣ ማለትም የግትርነቱን ስኩዌር ሩት ለጥግግቱ በማካፈል ሲሰላ ግን እንጨት ከብረት ሦስት እጥፍ ግድም ይበልጣል።

ጅማ የምትታወቅበት ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለሦስት እግር በርጩማ ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው። ዋንዛ የቡና ጥላ ሆኖ ቡናው መካከል የሚያድግ ዛፍ ነው፤ እንጨቱ ከውሃ ግማሽ ያህል የሚመዝን፣ ለመጥረቢያና ለመሮ የሚታዘዝ። ጠራቢው ግንዱን ሲያገላብጥ የሚያየው የእንጨቱን ጭረት አቅጣጫ ነው። እንጨት በጭረቱ ርዝመት ሲጎተት ከጭረቱ ወርድ ይልቅ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጠነክራል፤ ጭረቱ እግሩን አቋርጦ ካለፈ በርጩማው አንድ ቀን እግሩን ይጥላል። ደግሞ እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሸበሸብም። በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸበሸበው ከመሐል ወደ ልጥ ካለው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የግንዱ እምብርት ሳይነሣ የተቀረጸ መቀመጫ የሚሰነጠቀው ከዚህ የተነሣ ነው። እግሮቹ ሦስት መሆናቸውም ከቁሱና ከቦታው ጋር ይገናኛል፤ ወለሉ አፈር ነው፣ ሦስት ነጥብ ደግሞ በየትኛውም ጎርባጣ መሬት ላይ ሳይነቀነቅ ያርፋል። አራት እግር ያለው የፕላስቲክ ወንበር በዚሁ ወለል ላይ ሲነቀነቅ እግሩ ሥር ያለው መጋጠሚያ ይጎብጣል፤ ውጭ ካደረም የፀሐይ ጨረር የፕላስቲኩን ረጃጅም ሞለኪውሎች እየቆራረጠ ያሻክረዋል።

ሊሙ በዓለም ገበያ በእጥብ ቡናው ስሙ የሚነሣ ነው፤ ስለዚህ የቁስ ጥያቄው ከቤት ወጥቶ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ይሄዳል። ከእሸቱ የተፈለፈለው ቡና ገንዳ ውስጥ ሲብላላ ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ይፈጠራል። የሲሚንቶ ገንዳ አሲድ አይወድም፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም እየሟሟ ገጹ ይሻክራል፣ ጠጠሩ ይወጣል። በሻካራው ገጽ የተሸጎጠች አንዲት ፍሬ ከትናንቱ ቡና ቀርታ ትበሰብስና ጠረኗን ለነገው ታወርሳለች። ገንዳውን በሸክላ ታይል መልበስ ወይም በየወቅቱ በለስላሳ ልስን ማደስ ገንዘብ ያስወጣል፤ ነገር ግን የወጣበት ገንዘብ በቅምሻው ላይ ይመለሳል።

ቡና መሬት ላይ ሲደርቅ የአፈር ጠረን ይይዛል፤ ቀማሾችም በመጀመሪያው ጭላጭ ይለዩታል። ከፍ ያለው የማድረቂያ አልጋ ይህን ይፈታል፤ አየር ከታችም ከላይም ያልፋል። አልጋው ራሱ ግን ሌላ የቁስ ጥያቄ ነው። በዚህ አገር የአልጋው እግር የሚሸነፈው መሬት በሚነካበት ቦታ ነው፤ እርጥበትና አየር አንድ ላይ የሚገናኙት እዚያ ነው፣ ምስጥም የሚጀምረው ከዚያ። አናቱ ገና አዲስ ሆኖ ሥሩ ይበሰብሳል። ሙሉውን እንጨት ከመቀየር ይልቅ ሥሩን ብቻ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ ማሳረፉ ይሻላል። ከላይ የሚዘረጋው ዚንክ የተቀባ ሽቦም በእርጥብ ቡናው አሲድ ይበላል። በሽቦውና በቡናው መካከል የናይለን መረብ መነጠፉ ሁለቱንም ያድናል።

በመጨረሻ ከረጢቱ። የኬሻ ጆንያ ይተነፍሳል፤ ውስጡ የታፈነ ላብ ይወጣል፣ ከረጢት በከረጢት ላይ ሲደረደርም አይንሸራተትም። ነገር ግን የሚተነፍሰው በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ዝናማማው የጅማ ክረምት ሲገባ ቡናው ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል። ብዙዎች ማዳበሪያ የሚሉት የፖሊፕሮፒሊን ጆንያ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ግን ክሩ ይፈረፈራል፣ ጭረቱም ቡናው ውስጥ ይገባል። አሁን እየተስፋፋ ያለው ደግሞ ኬሻው ውስጥ የሚገባው አየር የማያስተላልፍ የፕላስቲክ ከረጢት ነው። የቡናውን እርጥበት ባለበት ይይዛል፤ ውስጡ የገባ ነቀዝም ኦክስጅን አልቆበት ይሞታል። ይህ የሚሠራው ቡናው ወደ 12 በመቶ እርጥበት ከወረደ በኋላ ከታሰረ ነው። በ15 ወይም በ16 በመቶ ከታሰረ ይኸው ከረጢት ሻጋታውን ከእርጥበቱ ጋር ቆልፎ ያኖረዋል፤ የሚተነፍሰው ኬሻ ይሻል የነበረ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ማኅበር ለከረጢቱ ገንዘብ ከመመደቡ በፊት መጀመሪያ የሚገዛው የእርጥበት መለኪያውን መሆን አለበት።