የጠፍር አልጋና የመደብ ጥበብ

በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች፣ ከድንጋይና ከጭቃ ከግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራው መደብ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ በመሆኑ፣ አንድን ዕቃ ለብዙ አገልግሎት የማዋል ዘዴ ለባላገሩ እንግዳ አይደለም።

ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ግን የጠፍር አልጋ ነው። በእንጨት በተሠራው አግዳሚና ቋሚ ላይ ጠፍር፣ ማለትም ከከብት ቆዳ ተተልትሎ የተዘጋጀ ጠንካራ ማሰሪያ፣ እየተጠላለፈ ይወጠራል፤ ጠፍሩ ሲላላ እንደገና ይጠብቃል፣ ሲበጠስ በሌላ ይተካል፣ እንጨቱ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። የዘመኑ ዲዛይነሮች ቶሎ የሚያረጀው ክፍል ከሚጸናው ተነጥሎ ይጠገን የሚሉት መርሕ ይኸው ነው። በአንጻሩ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከሙጫ የሚጠፈጠፈው ቺፕውድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ብሎኑም አንዴ ከለቀቀ መልሶ አይይዝም።

ዕቃን ጠግኖ ማቆየት የደን ህልውና ጉዳይም ነው፤ ለዕቃ የሚመረጡት ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥትና ከተጠበቁ ደኖች እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ከልክሎ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ሊተካቸው ቢችልም፣ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ አናጺው እንጨቱን በትዕግሥት ያድርቅ፤ ገዢውም ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ዕቃው ተፈትቶ መጠገን መቻሉን ይጠይቅ።